እትዬ አስካለ «ባሕር እንሂድ» ሲሉ

በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የሁዳዴ ጾም ከተጋመሰ በኋላ፣ እዚህ አገር ጸደይ በሚሉት ወቅት። እትዬ አስካለን ይዤ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ወረድሁ። ሌላውን ሰው ሁሉ ወደዚያ ይዘው የሚወርዱት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ግን ይዣቸው የወረድሁት እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ቀብራቸው ላይ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታደሰ ንግግር አደረጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም ለስላሳ ነው። «የወንድማቸውን ሞት እንኳ ልባቸው እንዳይሰበር ጊዜ ጠብቀን፣ ፈጣሪ በህልም ካሳያቸው በኋላ፣ በወጉ ነው የነገርናቸው» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ህልም የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፤ እሳቸው ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ፓልምስ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ከምንኖርበት በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ልጅ የላቸውም። ሥራቸው ሳንታ ሞኒካ አንዲት በጣም ያረጁ ፈረንጅ ሴትዮ መጠበቅ ነበር፤ ያጥቧቸዋል፣ ያበሏቸዋል፣ መድኃኒት ይሰጧቸዋል። የእትዬ አስካለ ቁመት አጭር ነው፤ እጃቸው ትልቅ። ሲራመዱ ሁልጊዜ የረፈደባቸው ይመስላሉ። ወሬ አያበዙም። እኔም አላበዛም። አንዳንድ ምሽት እላይ ወጥቼ አብረን ሽንኩርት እንልጣለን፣ ሳንነጋገር ጨርሰን «ደህና እደሪ»፣ «ደህና ይደሩ» ተባብለን እንለያያለን። እንደዚያ ተስማምተን ኖርን።

ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ባሉት የእኛ ሰው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ግን ስማቸው ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እትዬ አስካለ አርጂ ነበሩ። አገር ቤት ሰው ሲሞትበት፣ እዚህ ላለው ዘመድ መርዶውን የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ስልኩ የደረሰው ሰው ይፈራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ «እትዬ አስካለን ጥሩልኝ» ይላል። እሳቸውም ይመጣሉ። እምቢ ብለው አያውቁም።

መርዶ በአገራችን ወግ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ በር ይንኳኳል፣ ያልታደለው ሰው በሩን ከፍቶ ጥቁር የለበሰውን ሁሉ ሲያይ ይገባዋል። እዚህም መጀመሪያ እንደዚያው ይደረግ ነበር። አንድ ጊዜ እኛው ሕንፃ ውስጥ የምትኖር ልጅ አባቷ ሞተባት። የእድሩ ሰዎች ንጋት ላይ መጥተው ኮሪደሩን ሞሉት። ልጅቷ ሰምታ ጮኸች። እንደ ወጉ ጮኸች። ጎረቤቶቹ ፖሊስ ኮል አደረጉ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ወንዶቹን ግድግዳ አስደግፈው «ማነው የመታት?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ኖባዲ ሂት፣ ፋዘር ዳይ፣ ፋዘር ዳይ» ይላሉ። ፖሊሱ ደግሞ አባቷን የገደለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ። ልጅቷ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ ማንም አልመታኝም፣ አባቴንም ማንም አልገደለውም ብላ ማስረዳት ነበረባት። ከዚያ በኋላ ለቅሶው አልመለስ አላት። ዓይኗ ደርቆ ተቀመጠች።

እትዬ አስካለ «ለቅሶ የማያስገባ ቤት ነው የተከራየነው» አሉ። ሌላ አላሉም። የሚቀጥለውን ባለ መርዶ ግን ቤቱ አልነገሩትም። ባቡር አሳፍረው ባሕር ወሰዱት።

ከፓልምስ ባቡሩ የሚያበቃው ሳንታ ሞኒካ ነው። ከዚያ ወርዶ በትንሿ መሐል ከተማ፣ ገና ባልተከፈቱት ሱቆች አጠገብ ማለፍ ነው። ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ገደል ጫፍ መናፈሻ አለ። ደረጃውን ሲወርዱ ሰፊ አሸዋ ይገኛል። የሕዝብ ነው፤ በር የለውም፣ ማንም ማንንም ወዴት ነህ አይልም። በዚያ ሰዓት ያሉት አሸዋውን የሚያበጥረው ትራክተር፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኙ ቤት የሌላቸው ሰዎችና የሚሮጡ ፈረንጆች ናቸው። «ባሕር ጎረቤት የለውም። እሱ ራሱ ይጮኻል» ይሉ ነበር እትዬ አስካለ።

አንድ ቀን አንዲት የምትሮጥ ፈረንጅ ለቅሶውን አይታ ቆመች። ከጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አውጥታ «አር ዩ ኦኬ?» ብላ ጠየቀች።

«ኖት ኦኬ» አሏት እትዬ አስካለ። «ብራዘር ዳይ። ዩ ራን።»

ልጅቷ ሮጠች።

እንዲህ እንዲህ እያለ «ባሕር እንሂድ» የሚለው የእትዬ አስካለ ቃል በእኛ ሰው ዘንድ ሌላ ትርጉም አገኘ። እሳቸው ግን ባሕሩን ለራሱ ይወዱት ነበር። በአንድ የሙቀት ቀን ፌርፋክስ ካለው የቅመማ ቅመም ሱቅ ገቡ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። ካሸሯን ልጅ ሰላምን «ነገ ኦፍ ነሽ አይደል? ባሕር እንሂድ» አሏት።

ሰላም የያዘችውን ሽሮ ለቀቀችው። «እማዬ ናት?» አለች።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ።»

«እማዬ ናት አይደል? በቃ ንገሩኝ፣ አትደብቁኝ» ብላ ከመሬት ወደቀች።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። አንዷ «ወይኔ እናቴን» እያለች ደረቷን መታች፤ የሰላምን እናት አይታቸው አታውቅም። እትዬ አስካለ ሽሮው ላይ ተንበርክከው «ሐብሐብ ልንበላ ነው። ሐብሐብ ገዝቼ ነው፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። ማንም አላመናቸውም። አዲስ አበባ ተደውሎ እናትየው ራሳቸው «አለሁ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» እስኪሉ ድረስ ለቅሶው አልቆመም።

«እንግዲህ ሐብሐቤን ብቻዬን እበላለሁ» አሉኝ ስንመለስ። እየሳቁ ነበር የጀመሩት፤ ሲጨርሱ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ማንንም ለመዝናናት ባሕር ጠርተው አያውቁም። ሰውም ገበያ ላይ ሲያያቸው ቶሎ ሰላም ብሎ ማለፍ ለመደ። ልጁን ሲድር ግን ይጠራቸው ነበር፤ ከዳር ወንበር።

የእኔ ልጅ ሜሮን እዚህ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፤ ቃል ጠበቅና ላላ ሲል ግን ይጠፋባታል። ትንሽ ሳለች አንድ ቀን ስልክ ላይ «እትዬ አስካለ ነገ ሊያረዷት ነው» ስል ሰማችኝ። በማግስቱ እሳቸው በራችንን ሲያንኳኩ አልጋ ሥር ገባች።

«ማሚ፣ እትዬ አስካለ ሰው ያርዳሉ?» አለችኝ ከዚያው ሆና።

ሳስረዳት ደከምሁ። ይስቃሉ ብዬ ለእትዬ አስካለ ነገርኋቸው።

«አልተሳሳተችም» አሉ። «ቢላዋው አይታይም እንጂ። ለዚህ ነው ስለት ይኑረው የምለው። የሚያሠቃየው የዶለዶመው ነው።»

አነጋገራቸውም እንደዚያ ነበር። ሌላው ሰው «ትንሽ አሟቸው ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ሆስፒታል ያስገባል፣ ከዚያ ያጽናናል፣ ባለ መርዶው መሐል ላይ ተስፋ አድርጎ እንደገና ይወድቃል። እትዬ አስካለ ሦስት ነገር ብቻ ይናገራሉ። ማን፣ መቼ፣ እንዴት። ከዚያ ዝም ይላሉ።

እኔንም አርድተውኛል። ሜሮን ያን ጊዜ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ንጋት ላይ መጥተው መጀመሪያ ልጄን ከእቅፌ ወስደው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ «ጫማሽን አድርጊ፣ ባሕር እንሂድ» አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም። ባቡር ውስጥ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። አሸዋው ላይ ስንደርስ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርደው ወገቤ ላይ አሰሩት፤ ጫፉን በትልቁ እጃቸው ጠቅልለው ያዙ። ሰው መርዶ ሲሰማ ራሱን ይጥላል፤ ውሃው ደግሞ ቅርብ ነው።

«አባትሽ ዐርፈዋል» አሉ። «ረቡዕ ሌሊት። ቆርበው፣ ከአልጋቸው ላይ።»

እስኪወጣልኝ ጮኽሁ። ወደ ውሃው ሮጥሁ፤ ነጠላው ያዘኝ። እንደገና ሮጥሁ፤ እንደገና ያዘኝ። ጫፉን አልለቀቁም። ሲደክመኝ አሸዋው ላይ አስቀምጠው ከፌስታል ዳቦና ውሃ አወጡልኝ። «ጡት ታጠቢያለሽ፣ ብዪ» አሉኝ። በላሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የአባቴን አርባ በወቅቱ አደረስሁ።

ለምን እዚህ ሥራ ውስጥ እንደገቡ የነገሩኝ ያን ቀን ነው፣ እዚያው አሸዋው ላይ። የእናታቸው ሞት ተደብቆባቸው ነበር። አንድ ዓመት ያህል። እህታቸው ስልክ ላይ «እማማ ቤተ ክርስቲያን ናት» ትላለች። ሌላ ቀን «ተኝታለች»፣ ሌላ ቀን «ጆሮዋ አልሰማ ብሏት ስልክ ጠልታለች» ትላለች። እሳቸው ሰው በተጓዘ ቁጥር ለእናታቸው ሹራብ ይልካሉ፤ መነፅር ይልካሉ። «ልክ ሆነላት?» ብለው ይጠይቃሉ። «ልክ ነው» ይባላሉ። እውነቱን የሰሙት ፌርፋክስ ላይ፣ እንጀራ ሊገዙ ተሰልፈው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴት የማን ልጅ እንደሆኑ ስታውቅ «ነፍስ ይማር፣ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፣ በጣም ሰው ወጥቶ ነበር» አለቻቸው።

«ከዚያስ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ ተራዬ ደረሰ። እንጀራውን ተቀብዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ?» አሉ። ቀጥለውም «አርባዋ የዋለ ቀን የት እንደነበርኩ አስቤ አገኘሁት። ሰርግ ቤት። ስጨፍር። ፎቶው አለ» አሉ።

እህታቸው ይህን ሁሉ ያደረገችው በክፋት አልነበረም። ስደት ላይ ብቻዋን ናት፣ እንዳትጎዳ ብላ ነው። ይህ ነው የሚያመው። የሚቆጡት ሰው እንኳ አያገኙም።

ያን ቀን ከአሸዋው ሳንነሣ እትዬ አስካለ ቃል አስገቡኝ። «የኔ ሲመጣ አንቺ ትነግሪኛለሽ። ደረጀ ብቻ ነው የቀረኝ። እህቴም ሄዳለች። የእናቴን አርባ በልተውብኛል፤ የሱን እንዳይበሉብኝ። በማርያም በይ።»

«በማርያም» አልሁ።

ደረጀ ታናሽ ወንድማቸው ነው። እናታቸው ገበያ ሲውሉ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በየእሑዱ ይደውሉለት ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ።

ደረጀ የሞተው በሁዳዴ መጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ልቡ ነው፤ ከእንቅልፉ አልነቃም። ከአዲስ አበባ ለጋሽ ታደሰ ተደወለ። በማግስቱ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ጎረቤታቸው ነሽ ተብዬ እኔም ተጠራሁ። የንስሐ አባቴም ነበሩ። ሰላምም ነበረች።

«ደም ግፊት አለባት» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ጾም ላይ ናት፤ እህል እስከ ማታ አትቀምስም። ፋሲካዋን በደስታ ትፍታ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰብሰብ ብለን በወጉ እንነግራለን።»

«አርባውስ?» አልሁ።

«እዚያ ያለው ቤተሰብ ያደርሰዋል።»

«የእሳቸውስ?»

«ልጄ፣ ጸሎት ከየትም ይደርሳል።»

«ቆይ፣ አርጂዋን ማን ደፍሮ ያረዳል?» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው።

«እኔ አልደፍርም» አለች ሰላም። «እኔን በሐብሐብ ነው የገደሉኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ከእኛ ቀድሞ አፉን የሚከፍት ካለ፣ ከእንግዲህ እድሩ አያውቀውም» አሉ። በለስላሳ ድምፃቸው ነው። እዚህ አገር እድር የሌለው ሰው ቢሞት ማን እንደሚያነሣው ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ዝም አልሁ።

እዚያ ላለችው የደረጀ ልጅ መልእክት ተላከ። እትዬ አስካለ ሲደውሉ «አባዬ ጸበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይያዝም» እንድትል ተደረገ። ሞት በጸበል ሲሸፈን ያን ጊዜ አየሁ። ሰዉ ደግሞ ጸጸቱን በምግብ ተወጣው። ጋሽ ታደሰ ምስር ይዘው መጡ። ሰላም ጎመን ይዛ መጣች። ሁሉም ሳህኑን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ «ፓርክ ያደረግሁት መጥፎ ቦታ ነው» እያለ ይወጣል።

«ዘንድሮ ሰው ምን ነክቶታል?» አሉኝ። «ቤቴ ምስር ብቻ ሆነ።»

የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። ቃል መግባቴን፣ በማን ስም እንደገባሁም ነገርኋቸው።

«ሐሰት ኃጢአት ነው» አሉ። «ጭካኔም ኃጢአት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«ጸልዪ።»

ጸለይሁ። በእሑዱ ቅዳሴ እትዬ አስካለ የደረጀን የክርስትና ስም ለእኚሁ አባታችን ሲሰጡ ከኋላ ቆሜ ነበር። «ወልደ ሚካኤል በሉልኝ፣ አባቴ። ጸበል ላይ ነው፤ ጤና እንዲሰጥልኝ» አሉ። አባታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስሙን ከሕያዋን ጋር ጠሩት። ተቀብሮ ለከረመ ሰው ጤና ሲለመን በጆሮዬ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው «አሜን» አሉ።

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን ጸሎቱን አቋርጬ ወጣሁ።

ረቡዕ ማታ፣ አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እላይ ወጣሁ። የሥራ ልብሳቸውን እየተኮሱ ነበር።

«እትዬ፣ ነገ ኦፍ ነኝ። ባሕር እንሂድ» አልሁ።

ካውያውን አቆሙት። «ሐብሐብ ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

ካውያውን ነቀሉት። «እሺ፣ ማልደን እንውጣ» አሉ፤ ልብሱን ግማሹን ሳይተኩሱ አጣጥፈው አስቀመጡት።

ባቡር ውስጥ እሳቸው በመስኮት ያያሉ። እኔ ጸሎት ለመድገም ሞከርሁ፤ ከመጀመሪያው ቃል አላልፍ አለኝ። ከባቡር ወርደን በትንሿ ከተማ አለፍን። አንድ ሠራተኛ የምግብ ቤት በረንዳ በጎማ ያጥባል። ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ መናፈሻው ላይ ደርሷል። ደረጃውን ስንወርድ ክንዳቸውን ልይዝ ብል «አውቀዋለሁ» አሉኝ።

አሸዋው ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ ራሳቸው አሰሩት። ጫፉን ሰጡኝ።

«በይ» አሉ።

«ደረጀ ዐርፏል» አልሁ። «የሁዳዴ መጀመሪያ ማክሰኞ። በእንቅልፉ፣ በልቡ።»

ቃል አልጨመርሁም። ወደ ውሃው ሄዱ። ተከተልኋቸው፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ እጄ ላይ ጠቅልዬው ነበር። ማዕበሉ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው አረጠበው። ጩኸቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። ዞር አሉ።

«አርባው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«አላለፈም።»

«አላለፈም፣ እትዬ።»

አማተቡ። «ታደሰ ያውቃል?» አሉ።

«ያውቃሉ።»

«ምስሩን ያመጣ ለታ?»

«ያውቁ ነበር።»

«ሰላምስ?»

«ታውቃለች።»

ሌሎቹንም ስም በስም ጠሩ። አብዛኞቹ በዚሁ አሸዋ ላይ ነጠላቸውን ይዘው ያስለቀሷቸው ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱን «ያውቃል» አልሁ። መጨረሻ ላይ «አባታችንስ? ስሙን ስሰጣቸው?» አሉኝ። የነጠላውን ጫፍ እጄ ላይ አጠበቅሁት። «እሺ» አሉ።

«ግን እርስዎ አልጠረጠሩም ነበር?» አልኋቸው።

«ደረጀ ጸበል?» አሉ። «ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ የማይታጠብ ልጅ ነው። አውቄዋለሁ። ስሙን የሰጠሁት እግዜር ያወቅኩትን ውሸት እንዲያደርግልኝ ነው። ማወቅ ለብቻ ይቻላል፣ ልጄ። ለቅሶ ግን የሚነግር ሰው ካልመጣ አይጀመርም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ዛሬ መጡ እላለሁ። ስከፍተው ምስር ነው።»

«እንግዲህ ያልቅሱ። ማንም የለም።»

«እሱ ነው ችግሩ። ማንም የለም።» ባሕሩን አዩት። «ስንቱን እዚህ አምጥቼ አስለቀስኩ። ለካ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ሰዎቼን እፈልጋለሁ። ዋሾም ቢሆኑ ሌላ የለኝም።»

ከውሃው ወጥተው ቀሚሳቸውን ጨመቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እድሩስ?»

«ያወጡኛል።»

«ይበሉሻል» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «ህልም አየሁ እላለሁ። ደረጀ ነጭ ለብሶ ወንዝ ሲሻገር። ከዚያ በላይ አልዋሽም።»

ዕድሜያቸውን ለሰው እውነት ሲናገሩ የኖሩ ሴት፣ ስለ እኔ ሲሉ ህልም ፈጠሩ። ዛሬም ስማቸውን በጸሎት ስጠራ ፈጣሪን ያን ውሸት በእኔ ላይ ቁጠረው እለዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለጋሽ ታደሰ ደወሉ። የህልሙን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጠራ።

«ህልም አይታለች» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። «ፈጣሪ ከእኛ ቀደመ። እንግዲህ አይቆይም፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን። የሕንፃውን ማናጀር አነጋግሬያለሁ። አንቺም ነይ፤ ትወድሻለች። እስከዚያ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልሁ።

ቅዳሜ አርባው ደረሰ፤ ወልደ ሚካኤል ከሙታን ጋር ተጠራ። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ በፊት ያለውን ዓርብ ነው።

ዓርብ ንጋት ተነሥቼ ጸሎት አደረስሁ። ጥቁር ለብሼ ወደ ታች ወረድሁና ከእድሩ ሰዎች ጋር ተቀላቅዬ፣ እንደ እንግዳ፣ ደረጃውን እንደገና ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ አንኳኩ። እትዬ አስካለ ለብሰው ነበር። ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ሁላችንም ተቀመጥን።

«አስካለ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ደረጀ ትንሽ አሞት ነበር።»

«እሺ።»

«ከዚያ ጸበል ገባ።»

«እሺ።»

«ጸበሉም እንግዲህ… የእግዜር ፈቃድ ካልሆነ…»

እትዬ አስካለ አላገዟቸውም። «ታደሰ፣ ጨርሰው» አሉ።

«ዐርፏል።»

«መቼ?»

ጋሽ ታደሰ ወለሉን አዩ። «የሁዳዴ መጀመሪያ» አሉ። ለስላሳው ድምፃቸው አልተሰማም፤ ሁለተኛ መናገር ነበረባቸው።

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ያኔውኑ።»

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ወደሚቀጥለው ወንበር አሻገሩ። «አንቺስ?»

«በማግስቱ፣ እትዬ» አለች ሰላም፤ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«አንተስ?»

«በማግስቱ።»

«እርስዎስ፣ አባቴ?»

አባታችን መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በማግስቱ» አሉ።

እንዲህ እያሉ ወንበር በወንበር መጡ። እኔን ያልፉኛል ብዬ ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት መለሰች። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ሌላው ሰው አዩኝ።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«በማግስቱ፣ እትዬ» አልሁ። እውነት ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ነው የጮኹት። ከወንበራቸው ወርደው «ደረጀዬ» እያሉ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ከዋሿቸው ሰዎች መሐል። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ከወንበሬ ወርጄ ከሌሎቹ ጋር አብሬ አለቀስሁ።